የወናፉ አፍ መቼ ይዘጋ?

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

በቁይ፣ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅ፣ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ያላችሁ፤ ማሳ ውላችሁ ገና እግራችሁን የምትታጠቡ፤ መኪና ውስጥ ሆናችሁ የምትሰሙን ሹፌሮችና ረዳቶችም፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

ዛሬ የማወራው ስለ ሞተር ነው። መኪና የሌለው አድማጭ ጣቢያ እንዳይቀይርብኝ ግን አስቀድሜ ልንገረው፤ የወሬው ግማሽ ስለ ወናፍ ነው።

ነገሩ የተነሣው ቁይ ላይ፣ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። አሮጌ ኮሮላ የሚነዱ አንድ ጎልማሳ ወንበራቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉና፣ «አንተ ሬዲዮ ላይ ስለ መኪና የምታወራው ልጅ አይደለህም?» አሉኝ።

«ነኝ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ይህን ንገረኝ። የእኔ መኪና 1300 ሲሲ ናት። ያቺ ቪትዝ 1000 ናት። ሰው እኩል ጭነን ዳገቱን ስንጀምር አልፋኝ ትሄድና ኋላዋን እያየሁ እቀራለሁ። ምን አላት?»

«ሞተሯ ላይ ቪ ቪ ቲ አይ የሚል ጽሑፍ አለ ጋሼ። እሱ አንዱ ነው።»

«ታዲያ እሱን ለእኔ አስገጥምልኛ!»

በረንዳው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አይቻልም ብሎ መገላገል ቀላል ነው። ይቻላል ብሎ ማስጎምጀትም ቀላል ነው። ሁለቱም ግን መልስ አይሆኑም። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

(የወናፍ ድምፅ፤ ቀስ ያለ)

ይህን ድምፅ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ልጅ ሆኜ ማረሻ አስቀጥቅጠህ ና ተብዬ ስላክ፣ ባለ እጁ ተራ እስኪደርሰኝ ዝም ብዬ እንድቀመጥ አይፈቅዱልኝም ነበር። ወናፉ ላይ ያስቀምጡኛል። ሁለት የፍየል ቆዳ ናቸው፤ በየአፋቸው ሁለት ሁለት የእንጨት ከንፈር አላቸው። ከንፈሩን ከፍተህ ቆዳውን ወደ ላይ ታነሣለህ፤ አየር ይገባል። ከንፈሩን ገጥመህ ወደ ታች ትጫናለህ፤ አየሩ በአፍንጫው በኩል ወደ ፍሙ ይሄዳል። ግራ ሲነሣ ቀኝ ይወርዳል። ሲያዩት ቀላል ነው።

መጀመሪያ ቀን እሳቱን አጠፋሁት ማለት ይቻላል። እጄ ገና ሽቅብ እየሄደ ሳለ አፉን እዘጋዋለሁ፤ ቆዳው ግማሽ ሆዱን ብቻ ይዞ ይወርዳል፤ ፍሙ ያንቀላፋል። ተቆጡኝ። ሁለተኛው ጥፋቴ የዚያ ተቃራኒ ነበር፤ ፈርቼ ሳዘገየው፣ ወደ ታች መጫን ከጀመርኩ በኋላ እንኳ አፉ ክፍት ነው፤ የገባው አየር ወደ ፍሙ ሳይሆን ተመልሶ ወደ ፊቴ ይነፍሳል። ባለ እጁ ሰውዬ መዶሻቸውን አስቀምጠው፣ «እስኪጠግብ ጠብቀው፤ ከጠገበ በኋላ ግን አታመንታ» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ካላልኩ አያስችለኝም። ይህን ያህል ዕውቀት በእጃቸው የያዙ ሰዎች «ቀጥቃጭ» እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ የእጅ ባለሙያን የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል። ስድቡ ግን ከአዋጁ ረዥም ዕድሜ አግኝቷል። ወደ ጉዳያችን።

ማረሻው ነጣ እስኪል መጋል ሲኖርበት ሰውዬው «ፍጠን!» ይላሉ። ስፈጥን ደግሞ አዲስ ነገር ተማርኩ። ቀስ ብዬ ስነፋ እጄ ላይ እንደ ደረሰ ወዲያው መዝጋት አለብኝ። ፈጥኜ ስነፋ ግን አየሩ ራሱ ሩጫ ላይ ነው፤ እጄ ላይ ደርሶ መመለስ ቢጀምርም እንኳ ለቅጽበት ያህል ወደ ውስጥ መግባቱን አያቆምም። ስለዚህ ጥቂት አዘግይቼ ብዘጋ ቆዳው ይበልጥ ይሞላል። አንዱ ወናፍ፣ ሁለት ፍጥነት፣ ሁለት የመዝጊያ ሰዓት። ይህን የነገረኝ ማንም የለም፤ እጄ ነው ያወቀው።

የዛሬው ትምህርት ይኼው ነው። የቀረው ብረት ነው።

(የሞተር ድምፅ፤ በሥራ ፈት ዙር)

የመኪና ሞተር ወናፍ ነው፤ እሳቱ ግን ውጭ ሳይሆን ሆዱ ውስጥ ነው። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ከሠራው ሞተር ጀምሮ አካሄዱ አንድ ነው። ፒስተኑ ወርዶ አየርና ቤንዚን ይስባል፤ ወጥቶ ያምቃል፤ ካንዴላው ብልጭ ሲል ፍንዳታው ገፍቶ ያወርደዋል፤ እንደገና ወጥቶ ጭሱን ያስወጣል። አራት ጉዞ። የወናፉ ከንፈሮች ቫልቮች ናቸው፤ አንዱ አየር ማስገቢያ፣ አንዱ ጭስ ማስወጫ። ከንፈሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው እጅ ደግሞ ካምሻፍት ይባላል። በዶሮ እንቁላል ቅርፅ የተሞረዱ ጉብታዎች ያሉት ዘንግ ነው፤ ሲዞር ጉብታው ቫልቩን ይጫነዋል፤ ጉብታው ሲያልፍ ስፕሪንጉ መልሶ ይዘጋዋል። ካምሻፍቱ ከዋናው ዘንግ፣ ከክራንክሻፍቱ፣ ጋር በካቴና ወይም በቺንጋ የተሳሰረ ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር እሱ አንድ ጊዜ ይዞራል።

አሁን ልብ በሉ። ቫልቩ መቼ ይዘጋል ብዬ ብጠይቅ፣ ፒስተኑ ታች ሲደርስ ነዋ ትሉኛላችሁ። አይደለም። በአብዛኛው ሞተር የማስገቢያው ቫልቭ የሚዘጋው ፒስተኑ ታች ደርሶ፣ ተመልሶ መውጣት ጀምሮ፣ ክራንክሻፍቱ ሌላ 40 ወይም 50 ዲግሪ ከዞረ በኋላ ነው። ምክንያቱን የወናፉ ልጅ ያውቃል፤ አየሩ ሩጫ ላይ ስለሆነ።

ግን ምን ያህል ሩጫ? ሞተሩ በደቂቃ 800 ዙር እያለ ሥራ ፈቶ ቢቆም፣ ፒስተኑ አንዴ ለመሳብ ወደ 37 የሰከንድ ሺህኛ ይወስድበታል። በ6000 ዙር ግን 5 ሺህኛ ብቻ ነው ያለው። ዓይናችሁን ለአንድ ጊዜ ስታርገበግቡ ይህኛው ሞተር ብዙ ጊዜ ስቦ ጨርሷል። በዝግታው ጊዜ አየሩ ጉልበት የለውም፤ ቫልቩ ዘግይቶ ሲዘጋ የገባው ተመልሶ ይወጣል፤ ፊቴ ላይ እንደ ነፈሰው አየር። በፍጥነቱ ጊዜ ደግሞ ቶሎ ቢዘጋ ሲሊንደሩ ሳይጠግብ ይቀራል። የድሮው ካምሻፍት አንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚያውቀው። ፋብሪካው ለዝግታም ለፍጥነትም የማያኮራ፣ ግን ለሁለቱም የሚሆን መካከለኛ ሰዓት መርጦ ብረቱ ላይ ሞርዶታል፤ ሞተሩ በዚያው ያረጃል። የጋሼ ኮሮላ እንዲህ ናት።

ቪ ቪ ቲ አይ ያለው ሞተር እጁ ይንቀሳቀሳል። እንዴት? ካቴናው የሚያዞረው ጥርሳም ጎማ ከካምሻፍቱ ጋር ተቆልፎ የታሰረ አይደለም። ጥርሳሙ ጎማ ውስጡ ክፍት የሆነ ድስት ነው በሉት፤ ካምሻፍቱ ጫፍ ላይ ደግሞ ክንፎች ያሉት ነገር ታስሮ ድስቱ ውስጥ ተቀምጧል። በየክንፉ ግራና ቀኝ ባዶ ክፍል አለ። በአንዱ ወገን የሞተር ዘይት በግፊት ሲገባ ክንፉ ወደ ፊት ይገፋል፤ ካምሻፍቱ ከካቴናው ቀድሞ ይዞራል፤ ቫልቩ ቀድሞ ይከፈታል፣ ቀድሞም ይዘጋል። በሌላው ወገን ሲገባ ወደ ኋላ ይቀራል። በትንንሾቹ የቶዮታ ሞተሮች ይህ ወዲያና ወዲህ ማለት፣ በክራንክሻፍቱ ሲለካ፣ ወደ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ዘይቱን ወዴት እንደሚልክ የሚወስነው በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ አንዲት ጣት የምታህል ቫልቭ ነው፤ እሱን የሚያዘው ደግሞ የመኪናው ኮምፒውተር። ኮምፒውተሩ የሁለቱን ዘንጎች አቀማመጥ በሴንሰር ያያል፤ እግራችሁ ቤንዚኑን ምን ያህል እንደ ረገጠ ያውቃል። ሞተሩ ሲጠፋ አንዲት ቁልፍ ካስማ ክንፉን በቦታው ትይዘዋለች፤ ማለዳ ሲነሣ ዘይቱ ገና ሳይደርስ እንዳይንኳኳ።

ዳገት ላይ፣ በዝግታ፣ ሸክም ይዛችሁ ስትረግጡ ያስቀድመዋል፤ ቫልቩ ቶሎ ይዘጋል፤ የገባው አየር አያመልጥም፤ ጉልበት ታገኛላችሁ። ሜዳ ላይ ስትበሩ ያዘገየዋል። ሥራ ፈቶ ሲቆም ደግሞ ጭስ ማስወጫውና ማስገቢያው አብረው ክፍት የሚሆኑባትን ቅጽበት ያሳጥራታል፤ ሞተሩ ሳይንዘፈዘፍ ይቆማል። ይህን ሁሉ ሹፌሩ ሳያውቀው ነው።

ሆንዳ በ1989 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቪቴክ የሚባለው ከዚህ ይለያል፤ እሱ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ጉብታውን ራሱን ይቀይራል፤ ለዝግታ ትንሽ ጉብታ፣ ለፍጥነት ትልቅ ጉብታ። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው ስላለ ነው የጠቀስኩት።

የካምሻፍቱን ሰዓት መቀየር ለገበያ በቀረበ መኪና ላይ መጀመሪያ ያዋሉት እነማን ይመስሏችኋል? ጃፓኖች አይደሉም። ጣሊያኖች ናቸው፤ አልፋ ሮሜዮ፣ በ1980 እ.ኤ.አ.፣ ለአሜሪካ ገበያ በሠራት ስፓይደር መኪና ላይ። ለእኛ ደግሞ ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። የጋራዥ ቋንቋችንን ስሙት እስቲ፤ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቴና፣ ቺንጋ፣ ማርሚታ። መኪናው ጃፓን ሆኖ ስንት ዘመኑ፤ መካኒኩ እስከ ዛሬ በጣሊያንኛ ነው የሚፈታው። የአልፋው ሥራ ቀላል ነበር፤ ወይ እዚህ ወይ እዚያ፣ ሁለት ቦታ ብቻ። ቶዮታ እንደ ልብ የሚንሸራተተውን ቪ ቪ ቲ አይ ያመጣው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ቪትዝ ስትወጣ፣ በአንድ ሊትር ሞተሯ ላይ ይህ ነገር ነበረ። ዛሬ በየከተማው የምታዩት ሱዙኪ ዲዛየርም ዓይነቱ ይለይ እንጂ ይህ እጅ አለው።

(ዜማ፤ አጭር)

አሁን ወደ አገራችን ዳገት እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2450 ሜትር ላይ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ሩብ የለም። ስለዚህ 100 የፈረስ ጉልበት አለው ተብሎ የተገዛ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር፣ እዚህ 75 ገደማ ይሰጣል። ሞተሩ አልታመመም፤ የሚበላው አየር ሳስቶ ነው። ከአዲስ አበባ የምትመጡ አባይ በረሃን አስቡት። ድልድዩ ያለበት ከ1000 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ተነሥታችሁ ደጀን እስክትደርሱ ወደ 1400 ሜትር ትወጣላችሁ። ዳገቱ ጉልበት በሚጠይቅባት በእያንዳንዷ መዞሪያ አየሩ ጉልበት እየቀነሰ ይሄዳል። ሹፌሮች መኪናዋ ከላይ ከላይ ደከመች የሚሉት ትክክል ነው።

ቪ ቪ ቲ አይ የሌለ አየር አይፈጥርም። ይህን በደንብ ያዙልኝ። ለዚያ የሚሆነው ቱርቦ ነው፤ አየሩን በግድ የሚያስገባ። የሚንቀሳቀሰው ካምሻፍት የሚያደርገው፣ ያገኘውን ቀጭን አየር አለማባከን ነው። ቆላ ላይ ከገባው አሥር እጅ አንዱ ተመልሶ ቢወጣ ላይታወቅ ይችላል። ደጋ ላይ ግን መጀመሪያውኑ ሰባት ተኩል ነው የገባው፤ ከዚያ ላይ ማፍሰስ ያማል። ለዚህ ነው የካምሻፍት ሰዓት ለጎጃም ደጋ ሹፌር ከሌላው ይልቅ የሚገደው።

ለጋሼም ሐቁን ልናገር። ቪትዝ ያለፈቻቸው በዚህ ብቻ አይደለም። ቀላል ናት። በሲሊንደር አራት ቫልቭ አላት። ቤንዚኗን ካርቡራቶር ሳይሆን ኮምፒውተር ነው የሚመጥንላት፤ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑንም ያሳሳል። ካርቡራቶር ይህን አያውቅም፤ ለቆላ በተለካው ቀዳዳ ደጋ ላይም ለቀጭኑ አየር የሚበዛ ቤንዚን ያፈሳል። ካንዴላችሁ እንደ ምጣድ ሥር ጠቁሮ የሚወጣው፣ ቤንዚኑም የሚያልቀው በዚህ ነው። ቀዳዳዋ ወደ ጠበበች ጂግለር መውረድ ብቻውን የብዙ አሮጌ መኪና መድኃኒት ነው፤ ከካምሻፍት ወሬ ሁሉ በፊት ይህ ይቅደም።

እንግዲህ ወደ ዋናው። ቪ ቪ ቲ አይን አውጥቶ ለአሮጌ ሞተር መግጠም ይቻላል ወይ?

ምን እንደሚፈልግ እንቁጠር። የካምሻፍቱ አፍንጫ ዘይት የሚሄድበት ቀዳዳ ይፈልጋል፤ አሮጌው ድፍን ነው። ቴስታታው ላይ የዘይት ቫልቭ መቀመጫ ይፈልጋል፤ የለም። ጤነኛ የዘይት ግፊት ይፈልጋል፤ ብዙ ዓመት የሠራ ፓምፕ ያን ግፊት ከየት ያመጣል? ሴንሰሮችና ኮምፒውተር ይፈልጋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቦታ ነው። ቫልቩን 40 ዲግሪ ስታስቀድሙት፣ ፒስተኑ ላይ በደረሰ ጊዜ ቫልቩ ገና ወደ ታች ተዘርግቶ ይጠብቀዋል። አሮጌው ፒስተን ለዚህ የሚሆን ጉድጓድ ከሌለው ይጋጫሉ። ከዚያ በኋላ የሚተርፈው የአሉሚኒየም ዋጋ ነው።

ሌላም አለ። ቪትዝ ለማስገቢያው አንድ፣ ለማስወጫው አንድ፣ ሁለት ካምሻፍት አላት፤ የሚንቀሳቀሰው የማስገቢያው ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የወጣችው ኬ ሞተር ያላት ኮሮላ ግን አንዲት ካምሻፍት ብቻ ናት ያላት፤ እሷም ቴስታታው ላይ ሳይሆን ታች ብሎኩ ውስጥ ሆና ቫልቮቹን በረዥም ዘንግ ትገፋለች። እሷን ብታንቀሳቅሱ ማስገቢያውም ማስወጫውም አብረው ይንቀሳቀሳሉ፤ ባልና ሚስትን ባንድ በቅሎ እንደ መጫን ነው፤ አንዱን አስቀድሞ ሌላውን ማቆየት የለም። አሜሪካኖች ይህንንም ፈትተውታል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ዶጅ ቫይፐር አንዱ ካም በሌላው ውስጥ፣ ዘንግ በዘንግ ውስጥ የሚዞርበት ካምሻፍት ነበረው። ግን ያ ቫይፐር ነው።

ዓለም ላይ ይህን ሥራ በአሮጌ መኪና የሚሠሩ አሉ። መንገዳቸው ግን ዕቃውን ነቅሎ መግጠም አይደለም፤ ሙሉ ሞተሩን ነው የሚቀይሩት። የታወቀው ምሳሌ የቶዮታ ባለ 20 ቫልቩ 4ኤ-ጂኢ ነው፤ በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣ። የእሱ ካም እንደ አልፋው ሁለት ቦታ ብቻ የሚያውቅ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቢጠፋ እንኳ፣ ዙሩ ከፍ ሲል የኤሌክትሪክ ምልክት የምትሰጥ ማብሪያ ትበቃዋለች። በአሮጌ ኮሮላ ሆድ ውስጥ ብዙዎች አስቀምጠውታል። እኛ አገር ሞተር ለመቀየር የሚወጣው ብር፣ ሰነዱን ለማስተካከል የሚባክነው ቀን ሲደመር፣ ለአንድ የገጠር መንገድ መኪና ይከፍላል ወይ ብትሉኝ መልሴ አይከፍልም ነው። በኔ ግምት፣ ገንዘቡ ካላችሁ ያንን ሞተር ይዛ የተወለደችውን መኪና ግዙ።

ግን መግዛቱም ጠቧል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ ያለው ሞተር ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግል ነው። ጋሼን ባዶ እጃቸውን የማልሸኘውም ለዚህ ነው።

(የጋራዥ ድምፅ፤ መፍቻ ብረት ላይ)

ዕቃውን መግጠም ካልተቻለ ትምህርቱን መግጠም ይቻላል። ካምሻፍቱ በየደቂቃው ባይንቀሳቀስም፣ አንድ ጊዜ፣ ለሚኖርበት አገር ተስማሚ ወደ ሆነው ሰዓት ልናዞረው እንችላለን።

መጀመሪያ ግን ከፋብሪካ የወጣበት ሰዓት ላይ መኖሩ ይረጋገጥ። ካቴና ሲሠራ ይረዝማል፤ ማያያዣዎቹ እየተበሉ። ሲረዝም ካምሻፍቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ቫልቩ ዘግይቶ ይዘጋል። ይኸውም ደጋ ላይ የማንፈልገው ነው። ይህ በአንድ ቀን ስለማይመጣ ሹፌሩ አያውቀውም፤ መኪናዋ አረጀች ብሎ ይተወዋል። ላዳ የነዱ ሰዎች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ የላዳ ካቴና መወጠሪያዋን ፈታ አድርጎ፣ ሞተሩን በእጅ አዙሮ፣ መልሶ ማጥበቅ የባለቤቱ የራሱ ሥራ ነበር።

መለካቱ ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። አንድ ክብ ካርቶን በ360 ዲግሪ ከፋፍላችሁ ክራንክሻፍቱ ፑሊ ላይ ታስራላችሁ። አንደኛው ፒስተን በትክክል ላይ የደረሰበትን ታገኛላችሁ። ከዚያ ሞተሩን በመፍቻ፣ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ፣ እያዞራችሁ የማስገቢያው ቫልቭ የሚዘጋበትን ዲግሪ ታነባላችሁ። የፋብሪካው መጽሐፍ ካለው ጋር ታስተያያላችሁ። ከዚህ በፊት የቫልቭ ክፍተቱ በፊለር መስተካከል አለበት፤ ክፍተቱ ከሰፋ ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ቀድሞ ይዘጋል፤ ልኬታችሁን ያሳስተዋል።

ከዚያ ማስቀደም። አንድ ጥርስ ላዝልለው የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ እጁን ያዙት። የካምሻፍቱ ጎማ 36 ጥርስ ቢኖረው አንዱ ጥርስ በካሙ 10 ዲግሪ ነው፤ በክራንክሻፍቱ 20። ያ ማስተካከል ሳይሆን ማበላሸት ነው። የምንፈልገው በክራንክሻፍቱ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ የሚገኘው ሞላላ ቀዳዳ ባለው ጎማ ወይም ትንሽ ጠመም ተደርጋ በተሠራች ቁልፍ ነው፤ ጥሩ ቶርኒተር ይሠራዋል። ቫልቩ ያን ያህል ቀድሞ ሲዘጋ በዝቅተኛ ዙር ያለው ጉልበት ይሻሻላል፤ በከፍተኛው ዙር ጥቂት ይጎድላል። ከቁይ ደብረ ማርቆስ በ6000 ዙር የሚነዳ ካለ ይህ ምክር ለእሱ አይደለም።

ከመግጠማችሁ በፊት ፒስተኑ አናት ላይ ለስላሳ ጭቃ ለጥፋችሁ፣ ቴስታታውን አስራችሁ፣ ሞተሩን በእጅ ሁለት ዙር አዙሩት። መልሳችሁ ክፈቱና ቫልቩ የተወውን አሻራ ውፍረት ለኩ። በማስገቢያው በኩል ቢያንስ 2 ሚሊሜትር፣ በማስወጫው 2 ሚሊሜትር ተኩል ከሌለ፣ ይቅርባችሁ።

እሳቱንም አትርሱ። ደጋ ላይ አየሩ ስለሳሳ የታመቀው ቀስ ብሎ ይነዳል፤ ብልጭታውን ጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ይቻላል። ስትወርዱ ግን፣ አባይ በረሃ ግርጌ፣ ሙቀቱም ግፊቱም ሲጨምር ሞተሩ ካንኳኳ አብዝታችኋል ማለት ነው።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ፣ አይሱዙና ሃይስ የምትነዱ፣ ለእኛስ ትላላችሁ። የናፍጣ ሞተር ፒስተኑ ከቴስታታው ጋር የሚገናኝ እስኪመስል ተጠግቶ ነው የሚያምቀው፤ ቫልቭ የሚንቀሳቀስበት ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ሚትሱቢሺ በ2010 እ.ኤ.አ. እስኪያወጣው ድረስ የቫልቩን ሰዓት የሚቀይር የናፍጣ አውቶሞቢል አልነበረም። እናንተ ሰዓቱን ተዉት፤ የአየር ማጣሪያችሁን አራግፉ፤ የፖምፓችሁን ልክ አስፈትሹ።

ቪትዝና ዲዛየር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር፤ ይህም ስለ ዘይት ነው። የእናንተን ካምሻፍት ሰዓት የሚቀይረው እጅ ዘይት ነው ብያለሁ። ለአሮጌ ሞተር የለመድነውን ወፍራሙን 20 ደብሊው 50 እዚያ ውስጥ የሚሞላ ሰው አለ፤ ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል ብሎ። በቁይ ማለዳ ብርድ ያ ዘይት እንደ ማር ነው፤ በዚያች ቀጭን ቀዳዳ እስኪያልፍ ሞተሩ ሰዓቱን ያጣል። መጽሐፋችሁ 5 ደብሊው 30 ካለ እሱን አድርጉ። የመቀየሪያው ጊዜ ሲያልፍ ደግሞ ጭቃው የዘይት ቫልቩን ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቷ የጥፍር ያህል ናት፤ ነቅሎ ማጠብ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ፒ 0011 የሚል ቁጥር ካወጣ ሞተር ከማስፈታታችሁ በፊት እዚያ ተመልከቱ። የዚህችን ወንፊት ታሪክ ሳያውቁ ሙሉ ካቴና ገዝተው የቀየሩ ሰዎች አውቃለሁ።

ጋሼስ? የካርቡራቶሩን ጂግለር ቀየሩ፤ ካቴናውን አስለኩ፤ ከመጽሐፉ 11 ዲግሪ ዘግይቶ ተገኘ። አዲስ ካቴና ገባ፤ በላዩም 4 ዲግሪ ተቀደመ። ከወር በኋላ በዚያችው በረንዳ ተገናኘን።

«እህስ ጋሼ፣ ቪትዟን ቀደሟት?»

«ኧረ የት አባቴ! አሁንም ታልፈኛለች» አሉኝ። ሻያቸውን ፉት አሉና፣ «ግን ያን ዳገት በፊት በሁለተኛ ማርሽ ነበር የምወጣው። አሁን በሦስተኛ ነው። ስታልፈኝ የታርጋ ቁጥሯን ለማንበብ ጊዜ አገኛለሁ።»

በሚቀጥለው ሳምንት የእህል ወፍጮ ሞተሮችን ይዘን እንመጣለን። እስከዚያው ደህና እደሩልን።

(የመዝጊያ ዜማ)